ተዘቅዝቆ የሚቆመው ካርድ

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰንጋ ተራ ካለ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ተደወለልን። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ወለል ላይ ወድቀው ተገኝተዋል፤ ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ ትንፋሽ ግን አላቸው። እኔ እስክደርስ በጎረቤት መኪና ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸው ነበር። የጠበቀኝ የደረቀ ደም፣ የብረት መደርደሪያው ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ሽበት፣ ከዚያ በተረፈ ደግሞ ከልክ በላይ የተስተካከለ ክፍል ነው።

ከልክ በላይ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ሰው የተፈነከተበት ክፍል እንዲህ ተሰድሮ አይቼ አላውቅም። ከወለል እስከ ጣሪያ ከቆሙት የሕሙማን ካርዶች አንድም የተዛነፈ የለም። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣሁ።

ፍረወይኒ እባላለሁ፤ በልደታ ክፍለ ከተማ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነኝ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «መዥገር» ይሉኛል። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ፤ አንዴ ከያዝኩ እንደማልለቅ እውነት ነውና።

ሽማግሌውን ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ አያንቱ ናት። መወልወያዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ልወለውል በሩን ስከፍት ጋሽ ኃይለመለኮት በጎናቸው ወድቀዋል» አለችኝ። «ደሙ ደርቋል፤ የትናንት ነው። እሑድ እኮ ዝግ ነን፤ ለምን እንደመጡ እንጃ።»

«የነካሽው ነገር አለ?»

«ምንም። ሲያነሷቸው ጭንቅላታቸው እንዳይንገላታ ብዬ የወንበራቸውን ትራስ ሰጠሁ፤ እሱ ብቻ ነው።»

ጻፍኩት። ጽፌም ረሳሁት።

ጋሽ ኃይለመለኮት የስድሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። እሑድ ማታ ቤታቸው አለመግባታቸውን ያወቀ ሰው ያልነበረውም ለዚህ ነው። በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አገኘሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዘጠኝ የካርድ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው «ኮዱን አልጽፍም» ይላል። አንዷ ቁጥር፣ 4417፣ ሁለት ጊዜ ተከብባለች።

ደብተሩን ይዤ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ፈቃደ ዘንድ ገባሁ።

«እዚያ ክፍል ገብቶ ማን ምን ይሰርቃል?» አሉኝ። «ወረቀት ነው ያለው።»

«ወረቀትም ይሰረቃል ዶክተር። ይህ ኮድ የሚባለው ምንድን ነው?»

«እያንዳንዱ ሕመም የራሱ ኮድ አለው። እኔ የሕመሙን ስም እጽፋለሁ፤ ካርድ ክፍል ኮዱን ሽፋኑ ላይ ያሰፍራል። ያኔ ካርዱ ተዘጋ እንላለን።» ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ አዩ። «እነዚህ ግን ተዘግተዋል። የዘጠኙም ኮድ አንድ ነው።»

«የምን ኮድ?»

«አብዝተን የምንጽፈው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ላይ የሚወጣ እብጠት አለ፤ ሰም ተንጠባጥቦ የደረቀ ይመስላል። አይገድልም፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሰውየው ካስጠላው እናነሣለታለን፤ ከተወውም ይተወዋል። ችግሩ አንዳንዴ ጠቆር ብሎ ሲመጣ ከክፉው ካንሰር በዓይን አይለይም። ያኔ ቁራጭ ወስደን ውጭ ላቦራቶሪ እንልካለን። ዘጠኙንም ልከን ነበር፤ የዘጠኙም ውጤት ‹ጉዳት የሌለው› ተብሎ መጥቷል።»

«4417ስ?»

ማስታወሻቸውን አነበቡ። ፊታቸው ላይ የነበረው የባለቤትነት ኩራት ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሴት ናት፤ ቀኝ ባቷ ላይ ነው። ስምንቱን እውነቱን ለመናገር በዓይኔም እለያቸዋለሁ። እሷን ግን ፈርቼላት ነበር። ጥቁር ነው፣ ዳሩ የተዛባ ነው፣ በሦስት ወር ውስጥ አድጓል። ጉዳት የለውም ሲሉኝ ተመስገን ብዬ ለዓመት ቀጠርኳት።»

«ውጤቱ ትክክል ባይሆንስ?»

«ክፉው ከሆነ ዓመት አይጠብቃትም» አሉ። «ወርም ላይጠብቃት ይችላል።»

ተያይዘን ካርድ ክፍል ገባን። ስምንቱ ካርዶች ቦታቸው ላይ አሉ፤ ውስጣቸው መያያዝ የነበረበት የላቦራቶሪ ውጤት ግን ከሁሉም ተነቅሏል። 4417 ጭራሽ የለም። ስለ ማንነቷ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ ወለተሰንበት ገብረአምላክ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ጌጃ ሰፈር፣ ስልክ የለም።

ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምፈልጋቸው ሰዎች ሁለት ሆኑ። አንዱ ሽማግሌውን ጥሎ የሄደው ነው። ሌላዋ ዳንኩ ብላ የተቀመጠች፣ መዳኗን ግን አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ያላመነላት ሴት ናት። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛዋ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ላቦራቶሪው ጋ ስደውል አንዲት ልጅ አነሣችው።

«ስለ ናሙና በስልክ አንናገርም። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያምጡ።»

«ፖሊስ ነኝ እኮ።»

«ታዲያ የፖሊስ ማኅተም ይኑረዋ» አለችኝ።

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗ ግን አላስደሰተኝም። አለቃዬ ስብሰባ፣ ጸሐፊዋ ፈቃድ፣ ማኅተሙ ደግሞ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደብዳቤው እስኪወጣ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም ብዬ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አስገባሁ።

ነርሱ ፍሬምናጦስ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲናገር ወለል የሚያይ ሰው ነው። የናሙናውን ሳጥን ወደ ላቦራቶሪው ማን እንደሚወስድ ጠየቅኩት።

«አርብ አርብ እኔ ወይም ዘበኛው ሀብቶም እንወስዳለን፤ የተመቸን። ሳጥን ያደረሰው ያለፈውን ውጤት ይዞ ይመለሳል።»

«እነዚህን ዘጠኙን ማን ወሰዳቸው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ። ሀብቶም መሰለኝ።»

«ትናንት የት ዋልክ?»

«እናቴ ጋ። ጀሞ ነው የምኖረው፤ እሑድን ግን ጌጃ ሰፈር ከእሷ ጋር ነው የማሳልፈው።»

ሀብቶም ደግሞ ሳጥኑን የወሰደው ነርሱ ነው ብሎ ማለ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከበሩ እንዳልተነቃነቀና ሰው እንዳልገባ ጨምሮ ማለ።

«ጋሽ ኃይለመለኮት ታዲያ በመስኮት ገቡ?» ስለው ቆቡን አውልቆ ማሻሸት ጀመረ።

የመጨረሻዋ ነብያት ናት፤ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ቅዳሜ ከጋሽ ኃይለመለኮት ጋር እንደተጯጯኸች ያልሰማ ሰው በሕንፃው ውስጥ የለም። «ይህን ወረቀት አንድ ቀን አቃጥለዋለሁ» ማለቷንም ሦስት ሰዎች ነገሩኝ። የካርድ ክፍሉ ትርፍ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። እሑድ የት እንደዋለች ስጠይቃት «ቤቴ፤ ብቻዬን» አለች።

«ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«ኮድ ነው። ውጤቱ መጥቶ እኔ ኮምፒውተር ላይ ዘግቼዋለሁ፤ እሳቸው ካርዱ ላይ አልጽፍም አሉ። ለምን ስላቸው ‹ዘጠኝ ሰው በአንድ ቃል አይታመምም› አሉኝ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«ዘጠኙ ውጤቶች ቃል በቃል አንድ ነበሩ። ላቦራቶሪ እየገለበጠ ነው የሚጽፈው፣ ምን አዲስ ነገር አለው፣ እያልኩ ጮህኩባቸው። ጮህኩባቸው እንጂ አልነካኋቸውም።»

አሰርኳት። ቁልፍ አላት፣ ጠብ አላት፣ የት እንደዋለች የሚመሰክርላት የለም። አሁን ሳስበው ያሰርኳት ስለተመቸችኝ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞን ጌጃ ሰፈር ዋልኩ። ወረዳው መዝገብ ላይ ወለተሰንበት ገብረአምላክ የለችም። ከቆርቆሮ ቤት ቆርቆሮ ቤት፣ ከበር ብየዳው ወደ ጫማ ሰፊው፣ ከጫማ ሰፊው ወደ ሸቀጥ ሱቁ ጠየቅኩ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገባቸውን እስከ መጨረሻው ገልብጠው መነጽራቸውን አነሡ።

«እንዲህ የምትባል የለችንም። የክርስትና ስም እንዳይሆን ልጄ።»

«የክርስትና ስሟን ለክሊኒክ ለምን ትሰጣለች?»

«እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው እግዜር የሚያውቀውን ስም ይሰጣል። ከሆነ ደግሞ የሚያውቀው የንስሐ አባቷ ብቻ ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን የሚስቴን የክርስትና ስም አላውቅም።»

ልደታ ማርያም ወርጄ አንድ ቄስ አገኘሁ። ሳቁብኝ። «ወለተሰንበት የምትባል አንዲት ከሆነች የምትፈልጊው፣ እኔ ብቻ የማውቃቸው ስድሳ አሉ» አሉኝ። ያ ቀን ተስፋ ለመቁረጥ የተመቸ ቀን ነበር። አልቆረጥኩም፤ እልህ ግን ያዘኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ውስጥ እያለሁ፣ የፍሬምናጦስን እናት ላነጋግር ገባሁ። እትዬ ማዕዛ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። በር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የስፌት ማሽናቸውን ፔዳል በግራ እግራቸው ብቻ ይረግጣሉ፤ ቀኙን ወደ ኋላ ሰብስበውታል።

«ልጅዎ እሑድ ...» ብዬ ሳልጨርስ መለሱልኝ።

«ከኔ ጋር ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መጥተን፣ ምሳ በልተን፣ እስኪመሽ እዚሁ ነው የዋለው።»

«እግርዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ብርድ ነው። ዕድሜ።» ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳቡት።

ስወጣ እንደ ልማዴ እሳቸውንም ጠየቅኩ። «በሰፈሩ ወለተሰንበት የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

«ምን አደረገች?»

«የፖሊስ ጉዳይ ነው።»

«አላውቃትም» አሉና ማሽኑን ቀጠሉ።

ረቡዕ ጠዋት ነብያትን ፍርድ ቤት ከማቅረቤ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አስመጣኋት። የካርድ ክፍሉን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር። ተቀምጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ አለች።

«ይህ የጋሼ መደርደሪያ አይደለም።»

«የሳቸው ነው። ሰኞ ጠዋት ያነሣሁት ነው።»

«አይደለም ስልዎት። የተዘቀዘቁት የት ሄዱ?»

ጋሽ ኃይለመለኮት ኮድ ያልተጻፈለትን ካርድ ዘቅዝቀው ነው የሚያቆሙት። ቁጥሩ ወደ ታች፣ የታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ። መደርደሪያውን ከሩቅ አይተው ስንት ሰው ውጤት እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ነብያት ከኮምፒውተሩ ይልቅ ያንን መልመድ እንደከበዳት እየነገረችኝ እንባዋ መጣ።

«ስንት የተዘቀዘቀ ነበር?»

«ቅዳሜ ከሃያ በላይ። እነዚያ ስምንቱም ተዘቅዝቀው ነበር።»

«ይህን ልማድ ማን ያውቃል?»

«እኔና አያንቱ። አቧራ ስትጠርግ እንዳትነካቸው አስጠንቅቀዋታል። ሌላው ወደ ካርድ ክፍል አይገባም፤ በመስኮት ነው የሚጠይቀው።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሽማግሌውን የጣለው ሰው ካርዶቹን በትኖ ፈልጓል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተነካ ለማስመሰል ሁሉንም ቀጥ አድርጎ ሰደራቸው። ነብያት ብትሆን ኖሮ የተዘቀዘቀውን ዘቅዝቃ ትመልስ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ እንድትፈታ አዘዝኩ።

የቀሩኝ ሦስት ወንዶች ናቸው። ዶክተሩ እሑድ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሆነው ሦስት መቶ ሰው ፊት ተቀምጠው ነበር። ሀብቶምን እንደገና ጠራሁት።

«ሰው ሊሞት ነው» አልኩት። «መሐላህን ተወውና እውነቱን ንገረኝ።»

ቆቡን አወለቀ። «ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቼ ነበር። የጽዋ ማኅበራችን ነበረ፤ የግቢውንና የክፍሎቹን ቁልፍ ዘለላ እንደ ወትሮው ከአበባው ማሰሮ ሥር አድርጌ ሄድኩ። ሁሉም ሠራተኛ ያውቃታል።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

«ማኅበርተኛው ሁሉ። ጋሽ ኃይለመለኮትም ማኅበርተኛችን ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይመጡ ሲቀሩ ቦታቸው ባዶ ሆነ፤ ቀርተው አያውቁም። ልናገር ብል ሥራዬን ጥዬ መውጣቴ ሊታወቅ ነው። ፈራሁ።»

ስለዚህ ነገሩ የሆነው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዬ ላቦራቶሪው ደርሶ መልስ መጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት በነበረው አርብ ከዚያ ክሊኒክ ምንም ናሙና አልደረሳቸውም፤ በነዚያ ዘጠኝ ቁጥሮችም ውጤት ጽፈው አያውቁም። ያን ቀን ሀብቶም ከበሩ እንዳልተነሣ የመግቢያ መዝገቡ ላይ በእጁ የጻፈው ስም ሁሉ ይመሰክራል።

ፍሬምናጦስን አስጠራሁት። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ፤ ስልኩን እንደ ደንቡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሳጥኑን አድርሻለሁ» አለ። «ላቦራቶሪው ጠፍቶበት ነው የሚሆነው። እሑድም ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ጠይቀዋታል አይደል?»

ጠይቄያለሁ። እናት መስክረዋል። እጄ ላይ ያለው ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ 4417ም የለችም። ልጁን ከአንድ ፖሊስ ጋር ትቼ ስወጣ ነብያት ዕቃዋን ተረክባ ልትሄድ በር ላይ አገኘኋት።

«4417ን ጋሼ የት ሊያስቀምጧት ይችላሉ?»

«ተዘቅዝቃ መደርደሪያ ላይ ...» አለችና ቆመች። «አስቸኳይ ናት እንዴ?»

«ዶክተሩ አስቸኳይ ብለው ጽፈዋል።»

«አስቸኳይ ከሆነ መደርደሪያ ላይ አያቆሙትም፤ ይቀመጡበታል። የወንበራቸው ትራስ ልባስ ውስጥ ይከቱትና ‹ካልቆረቆረኝ እረሳዋለሁ› ይላሉ።»

ያቺ ትራስ። ሰኞ ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌ የረሳኋት።

ሆስፒታሉ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ጋሽ ኃይለመለኮት ጭንቅላታቸው ተጠቅልሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ ከማኅበርተኞቻቸው አንዱ አጠገባቸው ዳዊት ይደግማል። ትራሷ ከአልጋው ሥር በላስቲክ ከረጢት ከጫማቸው ጋር ተቀምጣለች፤ ግማሽ ገጿ በደም ደርቋል። ልባሷን ስከፍተው ካርዱ እጄ ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ላይ ኮድ የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ነው። የሐሰት ውጤቷ ውስጡ እንደተያያዘች ናት። ከገጹ ግርጌ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ መስመር ላይ፣ በጋሽ ኃይለመለኮት እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ተጠሪ፦ ልጇ። ካልቸገረ በቀር እንዳይደወል ተማጽናለች።» ቀጥሎ የስልክ ቁጥር አለ።

ቢሮ እስክመለስ ከጥድፊያ ብዛት አልደወልኩም። ከመኪና ወርጄ ኮሪደሩን ይዤ እየሄድኩ ቁጥሩን ነካሁት። የምፈልገው ያቺን ሴት ብቻ ነበር፤ ልጇ ይነሣና የት እንዳለች ይንገረኝ ብዬ ነው።

ከምርመራ ክፍሉ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ዘጋሁት፤ ዝም አለ። እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና ጮኸ። በሩን ስከፍት ፍሬምናጦስ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኩ እያየ ነበር።

ካርዱን ፊቱ ከፈትኩት። መጀመሪያ የፈራው ካርዱ መገኘቱን ነው፤ ያ ገባኝ። ከዚያ የራሱን ስልክ ቁጥር አነበበ። ከዚያ የባለካርዷን ስም አነበበ።

«ወለተሰንበት ማን ናት?» አለኝ።

ጣቱ የአባት ስም ላይ ቆመ።

«ገብረአምላክ አያቴ ነው» አለ። «የእናቴ አባት።»

የመስፊያ ማሽኑን ፔዳል፣ ወደ ኋላ የተሰበሰበውን ቀኝ እግር፣ ወደ ታች የተሳበውን ቀሚስ እኔም ያኔ ነው አንድ ላይ ያየኋቸው። ማክሰኞ ዕለት «ለጤናዋ ነው» ብል ኖሮ እዚያው ይነግሩኝ ነበር። «የፖሊስ ጉዳይ ነው» አልኩ። ያ ይቆጨኛል።

«ሳጥኑን ሚኒባስ ውስጥ ረሳሁት» አለ በመጨረሻ። «ስልክ እያወራሁ ወረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ተራ አስከባሪዎቹን እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ የለም። ለዶክተሩ ልናገር በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁልጊዜ የሚመጣው ውጤት እኮ አንድ ነው፤ ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው። ካለፈው ገልብጬ ዘጠኙንም ጻፍኩ። ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም።»

«እሑድስ?»

«ቅዳሜ ጋሼ ‹ሰኞ ላቦራቶሪው ጋ እደውላለሁ› አሉኝ። ውጤቶቹን ላወጣ ገባሁ። 4417ን አጥቼ ስፈልግ መጡብኝ። የያዝኩትን ወረቀት ሊቀሙኝ ሲሉ ገፋኋቸው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ኢንስፔክተር፣ ዶክተሩ ስለሷ ምን አሉ?»

ነገርኩት። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ የተደፋው።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ጌጃ ሰፈር ነበርኩ።

«እትዬ ወለተሰንበት» ብዬ ተጣራሁ።

ማሽኑ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ካርድዎ።»

እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡ። «ልጄ ዶክተሩን ጎበዝ ሐኪም ነው እያለ ሲያወድሰው እሰማለሁ። ሕመሜን ግን ከሥራ ባልደረባው አፍ እንዲሰማ አልፈለግኩም። ረቡዕ እረፍቱ ነው፤ ረቡዕ ሄድኩ። ስም ሲሉኝ እሱ የማያውቀውን ስሜን ሰጠሁ። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ደብዳቤ የለ፣ ማኅተም የለ፣ እንደ ሰው ነገርኳቸው። ስጨርስ ስለ ባታቸው አንድም አልጠየቁኝም።

«እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ» አሉኝ። «ሲመለስ ውኃ ከፍቶ እጁን ሲታጠብ ቆየ። አይቻለሁ። ልጄ ነው።»

በነጋታው ጠዋት ራሴ ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተር ፈቃደ ከቀረው እብጠት አዲስ ቁራጭ ወሰዱ፤ ሳጥኑን ላቦራቶሪው ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ መረከባቸውንም አስፈረምኩ። ስምንቱም ሰዎች ተጠርተው እንደገና ታዩ። 4417ን ቢሮዬ ካለው መደርደሪያ ላይ ዘቅዝቄ አቆምኳት። ባልደረቦቼ የሚያልፉት እያዩ ነው፤ አንድም የነካት የለም። ፍሬምናጦስ ከታሰረበት ክፍል በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ውጤቱ መጣ?»

ዘጠነኛው ቀን ላይ ጋሽ ኃይለመለኮት ዓይናቸውን ከፈቱ። ስማቸውን እንኳ ሳይጠየቁ አጠገባቸው ያለውን ሰው «የ4417 ውጤት መጣ?» አሉት ብለው ከሆስፒታሉ ደወሉልኝ። እሑድ ክሊኒክ የመጡትም ተማጽኖዋን አልፈው ካርዱ ላይ ወዳለው የልጇ ስልክ ሊደውሉ እንደነበር ተናገሩ።

ውጤቱ በማግሥቱ መጣ። ዶክተር ፈቃደ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጉዳት የሌለው ነው፤ ያው ዕድሜ የሚያመጣው፣ ሰም የሚመስለው። ጠቁሮ ነው እንጂ ክፉው አይደለም።

እትዬ ማዕዛ ሲነገራቸው ተንበርክከው አመሰገኑ። ሲነሡ ግን ክንዴን ያዙ።

«ታዲያ ልጄ የጻፈው እውነት ነበር?»

መዥገሯ ያንን ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ልጁ ያለ ፍርሃት «ሳጥኑ ጠፋብኝ» ቢል ኖሮ እናቱም ጤነኛ፣ ሽማግሌውም ጤነኛ፣ እሱም ዛሬ ሥራው ላይ ነበር።

ካርዱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ኃይለመለኮት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ውጤቱን ቀስ ብለው አነበቡ፤ የላቦራቶሪውን ማኅተም ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ ከዚያ ሰማያዊ እርሳስ አምጪ አሉኝ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ልጁ የጻፈውም ይህንኑ ነበር። እናቱ ‹ታዲያ እውነት ጽፎ ነበር ወይ› አሉኝ።»

እርሳሱን ከእጄ ተቀበሉ።

«እሱ የጻፈው ምኞቱን ነው» አሉኝ።

ኮዱን በባዶው ሳጥን ውስጥ ጻፉ። ከዚያ ካርዱን ቀና አድርገው ሰጡኝ።